አደጋ የማይደርስበት የብስክሌት መንገድ

ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ያለ ኮሚቴ እንዳሠሩ ይነገራል። ይህ የዚያን ዘመን ኋላ ቀርነት ያሳያል እንጂ የሚያስመሰግን ነገር የለበትም። እኛ በሠለጠነው ዘመን የተፈጠርን የጎንደር ሰዎች ግን ለግንብ ቀርቶ ለአንዲት ብስክሌት ኮሚቴ አቋቁመን፣ ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ደክመን፣ ከጎንደር እስከ አዘዞ አደጋ የማይደርስበት የብስክሌት መንገድ አውጥተናል። በዚህ መንገድ ላይ እስከ ዛሬ አንድም ብስክሌተኛ አልወደቀም። ወደፊትም እንደማይወድቅ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ስሜ ወልደኢየሱስ ነው። የተመረጥኩት ብስክሌት ያውቃል ተብዬ አይደለም፤ የቤተ ክህነት ልጅ ስለሆነ ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው ተብዬ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከአባላቱ ሁሉ የተመረጠበት ምክንያት የሚታወቀው የእኔ ብቻ ነበር።

ነገሩን ያስነሣው ስማቸው የሚባል ድሬሰር ነው። ዘመኑ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ስማቸው ጣሊያን ጥሎት በሄደ አረንጓዴ ብስክሌት፣ የመርፌ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ በየማለዳው ከጎንደር ወደ አዘዞ ይወርዳል። አዘዞ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ የሳንባ ሕመምተኞች ይጠብቁታል። ያ መርፌ በየቀኑ ካልተወጋ ዋጋ የለውም፤ ከተቋረጠ በሽታው እንደገና ይበረታል። በብስክሌት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደርሳል፣ ሁሉንም ይወጋል፣ ከቀትር በፊት ተመልሶ ጎንደር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀውን በሽተኛ ይቀበላል። አዘዞ ላይ አንድ መርፌ ወጊ ለምን አይቀመጥም ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ይህ በሌላ መሥሪያ ቤት በመጠናት ላይ ነበር።

ከዐሥራ ዘጠኙ አንዷ ወይዘሮ እንኳየሁ ናቸው፤ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ ባል የሞተባቸው ሴት። መርፌው ሲጀመርላቸው እንዝርቱን ማሾር እንኳ አቅቷቸው ነበር። በኅዳር ግን አንድ ልቃቂት ፈትለው ጨረሱና ለስማቸው አሳዩት። ስማቸውም ልቃቂቱን እንደ ትልቅ ሹመት አድርጎ በየደረሰበት ያወራ ጀመር። ወጣት ስለሆነ ይቅር ልንለው ይገባል።

እንግዲህ መንገዱ ጣሊያን የሠራው ጠባብ አስፋልት ነው። ዳርና ዳሩን ዝናብ በልቶታል፤ የተረፈውን ደግሞ ቁጥቋጦ ውጦታል። አንድ ቀን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጭነት ማኪና ከኋላው መጣበትና ስማቸው መሸሻ አጥቶ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተላጠ፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሁሉ ተሰበረ። እያነከሰ አዘዞ ደረሰና ዛሬ መርፌ እንደሌለ ለዐሥራ ዘጠኙም በየቤታቸው ዞሮ ነገራቸው። በማግሥቱ ለማዘጋጃ ቤታችን ማመልከቻ ጻፈ።

ማመልከቻው ስድስት መስመር ነበር። በአስፋልቱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ይመንጠርልኝ፣ ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ይደልደልልኝ፣ ዐሥር ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛለሁ ይላል። የዚህ ማመልከቻ ትልቁ ጉድለት ግልጽነቱ ነው። የሚፈልገውን ነገር፣ አሠራሩንና ጊዜውን ሁሉ ራሱ ወስኖ ሲመጣ ለበላይ አካል የሚያስብበት ምን ተረፈ? መሥሪያ ቤታችን ይህን ድፍረት በትዕግሥት አልፎ ኮሚቴ አቋቋመ።

ሊቀ መንበሩ ግራዝማች ውድነህ ነበሩ። ግራዝማች ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ፒያሳ ላይ ብስክሌት ገጭቷቸው ስለነበር ከሁላችንም ይልቅ ለጉዳዩ ቅርብ ነበሩ። የቤተ ክህነቱ እንደራሴ አለቃ ሀብተ ማርያም ናቸው። ሦስተኛው ቀያሹ ወርቅአፈራሁ ነው፤ አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምሮ የመጣ፣ ነገር የሚገባው፣ በዚህም ምክንያት ብዙ የማይናገር ሰው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ማመልከቻውን አነበብኩ። አለቃ እጃቸውን አነሡ።

«ይኸ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛለሁ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አለቃ።»

«ቅዳሜ ሰንበት አይደለችም?»

«ናት።»

«እንግዲያው መንገዱ ገና ሳይጀመር ሰንበት ሊሻርበት ነው።»

ስብሰባው በዚህ ነገር ላይ ሲወያይ ዋለና አመልካቹ እንዲገሠጽ ወስኖ ተነሣ። በሁለተኛው ስብሰባ ወርቅአፈራሁ፣ ስማቸው ራሱ ቀርቦ ቢያስረዳ ጥሩ እንደሆነ ጠቆም አደረገ። ግራዝማች አልተስማሙም። «ብስክሌት የሚነዳ ሰው ስለ ብስክሌት ሲናገር አድልዎ አያጣውም» አሉ። እውነት ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ብስክሌት ለማንነዳው ለእኛ፣ ማለትም ከአድልዎ ነጻ ለሆንነው፣ ተዉት።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ስብሰባ ያለው ጊዜ በማኅተም አለፈ። የብስክሌት ጎማ በመካከሉ ይሁን ተባለ። አለቃ የጎማው ሽቦ ዐሥራ ሁለት ቢሆን መልካም ነው አሉ፤ ግራዝማች ዐሥራ ሁለት ሽቦ ያለው ጎማ እንደማይኖር ሰምተው ስለነበር አንድ ብስክሌት ተፈልጎ ሽቦው ይቆጠር አሉ። የስማቸው ብስክሌት ለሁለት ቀን ተወስዶ ተቆጠረ። በነዚያ ሁለት ቀናት አዘዞ ላይ መርፌ አልተወጋም፤ ማኅተሙ ግን በጣም ያምራል።

በየካቲት ስማቸው ቢሮዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቦይ ገብቷል፤ ግንባሩ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ ምነው ዘገየ?»

«የት ዘገየ? ማኅተሙ አልቋል እኮ» አልኩት።

«መንገዱስ?»

«ከማኅተሙ ሌላ የቀረን መንገዱ ብቻ ነው።»

አመስግኖኝ ሄደ።

በመጋቢት ኮሚቴው መንገዱን በዓይኑ ለማየት ወጣ። የማዕረግ ሰው በእግሩ አይሄድም፤ ብስክሌት ደግሞ ማንም አይችልም። ስለዚህ በበቅሎ ወጣን። ግራዝማች በሰጋር በቅሏቸው ፊት ፊት፣ አለቃ ቀጥለው፣ እኔ በተውሶ በቅሎ፣ ወርቅአፈራሁ ደግሞ የመለኪያ ሰንሰለቱን ይዞ በእግሩ ተከተልን። አሽከሮችም ነበሩ። ከከተማው ወጥተን አስፋልቱን እንደያዝን የጭነት ማኪና ከፊታችን መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። የግራዝማች በቅሎ ጆሮዋን አቆመች፤ ከአስፋልቱ ዘላ ወጣችና ቁልቁል ወደ ሽንታ ወንዝ የሚወስደውን የድሮውን የእግር መንገድ ያዘች።

ግራዝማች ልጓሙን በሁለት እጃቸው ሳቡ። በቅሎዋ አልሰማቻቸውም። አሽከሮቻቸው ሲያዩ፣ እኛ ስናይ፣ መንገደኛው ቆሞ ሲያይ፣ አንድ ግራዝማች በቅሎ ወሰደችው ይባል? አይባልም። ግራዝማች በኮርቻው ላይ ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«መንገዱ በዚህ በኩል ነው። ምልክት አድርጉ።»

የብስክሌት መንገዱ እንዲህ ተወሰነ። ወርቅአፈራሁ እየሮጠ በቅሎዋ በረገጠችው ሁሉ በኖራ የተቀባ ድንጋይ እያስቀመጠ ተከተላት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ድንጋዩ እንደ ደረጃ ወደ ታች የተደረደረ ነው፤ በግራ በኩል ገደል አለ።

«ግራዝማች» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ይኸ ለጎማ የሚሆን አይመስለኝም።»

«በቅሎዋ ወደቀች?»

«አልወደቀችም።»

«በቅሎ ስንት እግር አላት?»

«አራት።»

«ብስክሌት ስንት ጎማ አለው?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው አራቱ ካልተሰናከሉ ሁለቱ ምን ያሰናክላቸዋል? አዲስ አበባ ሒሳብ አላስተማሩህም?»

ወርቅአፈራሁ አስተምረውት ነበር፤ የሚያስተዳድረው ቤተሰብም ነበረው። ድንጋዩን አስቀመጠ።

ወንዙ ዳር በቅሎዋ ቆማ ጠጣች። ድልድይ የለም። ወርቅአፈራሁ ብስክሌቱ እንዴት ይሻገራል ብሎ ገና አፉን ሲከፍት ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ፤ መንገዱ በአጋማሹ ላይ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የተሟላለት ነው።» ጻፍኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሚጠጣው ማን እንደሆነ አልተገለጸም።

ከወንዙ ማዶ ዳገቱን ስንወጣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታየ። ሁላችንም ከበቅሎ ወረድን፤ ተሳለምን፤ ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ሌላ ታየ፤ ወረድን፤ ወጣን። አዘዞ እስክንደርስ ሰባት ጊዜ ወረድን። አለቃ በሰባተኛው ላይ አንድ ነገር አሰቡ።

«ይኸ ባለ ብስክሌትስ ይወርዳል?»

«ይወርዳል እንጂ» አሉ ግራዝማች። «ከበቅሎ የወረድነው እኛ ከሆንን እሱ ማን ሆኖ ነው?»

«ብስክሌቱስ? በቅሎ እንኳ አንገቷን ትደፋለች። ያ ግን ግዑዝ ነው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው።»

ነገሩ ከባድ ነበር። ብዙ ከታሰበበት በኋላ ነጂው በየቤተ ክርስቲያኑ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ስለ ራሱ፣ አንድ ጊዜ ስለ ብስክሌቱ እንዲሳለም ተደነገገ። ድንጋጌው ይህ ብቻ አልነበረም። ባለ ማዕረግ ሲያጋጥም መውረድ፣ ለቅሶ ሲያጋጥም መውረድና አብሮ መቆም፣ በቁልቁለት መውረድ፣ በዳገት መውረድ፣ በወንዝ መውረድ ታዘዘ። ወርቅአፈራሁ በሰንሰለቱ ለክቶ ነጂው ሳይወርድ የሚሄድባት ቦታ ከአዘዞ ገበያ በላይ ያለችው ሜዳ ብቻ እንደሆነች ነገረኝ። ርዝመቷ መቶ ሃያ እርምጃ ነው።

በመስከረም መንገዱ ተመረቀ። ጥብጣብ ተዘረጋ፤ ድንኳን ተተከለ። ግራዝማች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃሉ በእጄ ይገኛል። «ትናንት ብስክሌት በማኪና ይገፋ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ መንገድ ላይ ማኪና ፈጽሞ ሊደርስ አይችልም» አሉ። ተጨበጨበ። እዚያ ቦታ ማኪና ይቅርና ፍየልም እየመረጠች ነው የምትረግጠው።

ስማቸው ጥብጣቡ ከተቆረጠ በኋላ ብስክሌቱን ይዞ ቀረበ። ቁልቁለቱን አየ። ከዚያ ግራዝማችን አየ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ላይ ብስክሌት አይነዳም።»

«አደጋ ይደርስብህ ይሆን?»

«አይ፣ አደጋስ አይደርስብኝም። የማልነዳው ከሆነ…»

«በቃ» አሉ ግራዝማች። «ወልደኢየሱስ፣ ጻፍ። አደጋ እንደማይደርስበት ተጠቃሚው በራሱ አንደበት መሰከረ።»

ስማቸው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አደረገ። ሣጥኑን በአንድ እጁ ያዘና ደረጃ ደረጃውን ወረደ። ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ አፈርኩ። ነገር ግን ኀፍረት በአጀንዳ ስላልተያዘ በቃለ ጉባኤ አላሰፈርኩትም።

ምናልባት አንባቢ፣ ስማቸው ለምን በአስፋልቱ አይሄድም ይል ይሆናል። ኮሚቴው ይህንንም አስቦበታል። ብስክሌት የራሱ መንገድ ሲሠራለት በማኪና መንገድ ላይ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ለራሱ ለነጂው ደኅንነት ሲባል ብስክሌት በአስፋልት ላይ እንዳይነዳ ተከለከለ። ስማቸው ሦስት ሳምንት ብስክሌቱን ሲሸከም ከረመና አንድ ማለዳ ሰው አያየኝም ብሎ በአስፋልቱ ሄደ። ፖሊስ ግን አይቶታል። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ስለሆነ አላሰረውም፤ የብስክሌቱን ሰንሰለት ብቻ ፈትቶ ወሰደበት። በተፈቀደው መንገድ ላይ ሰንሰለት እንደማያስፈልግ በትሕትና አስረዳው።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው ብስክሌቱን ቤቱ አቆመና በእግሩ ይሄድ ጀመር። በእግር ሄዶ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ወግቶ ሲመለስ ቀኑ ያልቃል፤ ጎንደር ላይ የሚጠብቀው በሽተኛ ሳይታይ ወደ ቤቱ ይበተናል። የሐኪም ቤቱ ኃላፊም ይህ እንዳይደገም አዘዙ። የአዘዞ ሰዎች መርፌ ከፈለጉ ራሳቸው ይምጡ ተባለ።

መጡም። እግረኛ ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው በዚያው በበቅሎዋ መንገድ ነው፤ ከአስፋልቱ ያጥራል። እየሳሉ፣ በየድንጋዩ እያረፉ፣ የኖራ ምልክታችንን እየተደገፉ ይወጣሉ። ደርሰው ተወግተው ሲመለሱ ይመሻል፤ በማግሥቱም እንደገና ይነሣሉ። አንዳንዱ በየቀኑ አልቻለበትም፤ አንድ ቀን እየዘለለ መጣ። ያ መርፌ መዘለልን አይወድም ብያለሁ።

በኅዳር፣ ማመልከቻው በተጻፈ በዓመቱ፣ ከበላይ አካል ደብዳቤ ደረሰን። መንገዱ ስንት ተጠቃሚ አለው? ስንት አደጋ ደረሰ? ግራዝማች ደስ አላቸው። ጠረጴዛ በአሽከር አስይዘን ሽንታ ወንዝ ዳር ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ መዝገብ አሰመርኩ፤ የተጠቃሚው ስም፣ የብስክሌቱ ዓይነት፣ የደረሰ አደጋ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአዘዞ በኩል ሰዎች ብቅ አሉ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘው መጡና ቆሙ።

«ስም?» አልኩ።

ነገሩኝ። የብስክሌቱ ዓይነት የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ግራዝማች አጎንብሰው መዝገቡን አዩ።

«በመንገዱ ላይ ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«በብስክሌት መንገድ ላይ የሄደ ሰው የብስክሌት መንገድ ተጠቃሚ ነው። ዓይነት በሚለው ላይ ‘ቀላል’ ብለህ ሙላ።»

ሁሉንም ቀላል እያልኩ ሞላሁ። በመጨረሻ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩና ጥላው ሥር አሳረፉት። የተኙት ወይዘሮ እንኳየሁ ነበሩ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ እጃቸው ከኩታው ወጥቶ ሣሩ ላይ ወድቋል። ግራዝማች አሰብ አድርገው «ይኸኛው ‘ከባድ’ ነው» አሉ። ጻፍኩት።

በዚህ መካከል ስማቸው ከጎንደር በኩል እየሮጠ ወረደ። ለካ በምሳ ሰዓቱ ሣጥኑን ይዞ እዚህ ድረስ እየመጣ የደከሙትን ወንዙ ዳር ይወጋል፤ ዳገቱን እንዳይወጡ ብሎ። ግራዝማች በፈገግታ ተቀበሉት።

«ይኸውልህ፣ አንተ አንድ ሆነህ የጀመርከው መንገድ ስንት ሰው አፈራ። ብስክሌትህ ደኅና ነው?»

«ቤት ተቀምጧል፣ ጌታዬ።»

«ጻፍ፤ ብስክሌቱ አንዳች ጉዳት ሳይደርስበት ይገኛል።»

ስማቸው በዓይኑ ሕመምተኞቹን ሲቆጥር አየሁት። ዐሥራ አራት ነበሩ።

«አምስቱስ?» ብሎ ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱን ጠየቀው።

«ሦስቱ መነሣት አቅቷቸው ቀሩ። ሁለቱን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው።»

ወርቅአፈራሁ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። እኔ የደረሰ አደጋ የሚለው ዓምድ ላይ ብዕሬን አሳርፌ ግራዝማችን አየሁ። ግራዝማች ረጋ ብለው ጠየቁ።

«የሞቱት ከብስክሌት ወድቀው ነው?»

«አይ፣ ጌታዬ። በሳንባ ነው።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው እኛን አይመለከትም። ‘የለም’ በል።»

አለቃ አማተቡና ስለ ሁለቱ ሟቾች አጭር ጸሎት አደረሱ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ሁላችንም ቆምን። ከዚያ ግራዝማች ወደ ቃሬዛው ጠጋ አሉ፤ ከተጠቃሚው አንደበት የምስጋና ቃል ማግኘት ፈልገው ነው።

«ወይዘሮ፣ መንገዱን እንዴት አገኙት?»

ወይዘሮ እንኳየሁ ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ቆዩ። «መንገዱስ ሸጋ ነው፣ ጌታዬ» አሉ። «ፊት ተኝቼ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ተኝቼ እመጣለሁ።»

«ሰማህ?» አሉኝ ግራዝማች፣ ልባቸው ተነክቶ። «‘ሕዝቡ ከመጠበቅ ወደ መጓዝ ተሸጋግሯል’ ብለህ አስፍር። ተጠቃሚ ፊት አንድ፣ ዛሬ ዐሥራ አራት። አደጋ የለም።»

አሰፈርኩና ማኅተሙን አሳረፍኩበት። በቅሏቸው ቀረበችላቸው፤ ግራዝማችና አለቃ ወጡ፤ ወርቅአፈራሁም ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ተከተላቸው። እኔ መዝገቡን ስጠቀልል ስማቸው ለወይዘሮ እንኳየሁ መርፌውን ወግቶ ጨርሶ፣ ክንዳቸውን በኩታው ሸፍኖ ቀና አለ። እጁን ወንዙ ውስጥ ታጠበና ወደ እኔ መጣ።

«አያ ወልደኢየሱስ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ የጠየቅሁት ቁጥቋጦው እንዲመነጠር ብቻ ነበር።»

አዘንኩለት። አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ነበር የደከመው። ቁጥቋጦን የሚመለከተው ሌላ ኮሚቴ እንደሆነ ነገርኩት።